ሦስተኛው ወገን የሚረግጠው ድንጋይ

ሀርግሬቭ፣ ኦንታሪዮ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለቤላርሚኖ፣

እርስዎም፣ ጓሮዎም፣ ያቺ ሰው የማትወደው ላምዎም እንደምን ከረማችሁ? ከደሴታችሁ ከፋያል እስከዚህ ድረስ ያለው ባሕር ሁሉ ሰላምታዬን አድርሶ እንዳይጨርሰው ብዬ አብዝቼ ልኬዋለሁ። እኛ ከበረዶው በቀር የሚያስቸግረን የለም፣ መንፈስ ቅዱስ ይመስገን። እናቴ ዴኦሊንዳም ደህና ናት። ለአጎቴ ምን ልበልልሽ ብላት «ሰላም በይልኝ» አለችና ወደምትፈለፍለው ባቄላ ተመለሰች፤ የአክስትዎ ልጅ ስለሆነች ያውቋታል።

ከገና ካርድ በቀር ጽፌልዎት ስለማላውቅ «ይቺ ልጅ ምን ልትለምነኝ ነው?» እንደሚሉ ይገባኛል። ልክ ነዎት፣ ልለምንዎት ነው። እንዳልደውልልዎት ደግሞ ጆሮዎ ከስልክ ጋር ተጣልቷል አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴቲቱ ተወላጆች ማኅበራችን አዳራሽ ደጃፍ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ርዝመቷ ሃያ እርምጃ፣ ስፋቷ ስድስት የሆነች ቁራሽ መሬት አለች። የማዘጋጃ ቤቱ ናት። አስፋልቷ ተሰነጣጥቆ ጸደይ በመጣ ቁጥር ውሃ ታቁራለች፤ ለጰራቅሊጦስ በዓል የመንፈስ ቅዱስን ዘውድ ይዘን በሰልፍ ስንወጣ የመጀመሪያ እርምጃችን ኩሬ ውስጥ ነው። እናቴ በከዘራ እንደምትሄድ ያውቃሉ። አምና ኩሬውን ፈርታ አልወጣም አለች፤ ዘውዱ ሲያልፍ በአዳራሹ መስኮት አየችው። እኔ ከዘውዱ ኋላ እየሄድኩ ፊቷን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ «የሰፈር ሰዎች በከተማው ቦታ ላይ የጥበብ ሥራ መሥራት ከፈለጋችሁ አመልክቱ» ሲል ከማንም ቀድሜ አመለከትኩ። እንደ እናንተ ደሴት ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እናነጥፋለን፣ መሃሉ ላይ ዘውድ ይኖራል አልኩ። ፈቀዱልን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አደሊኖ ጢሙን እስኪያረጥብ ድረስ ጠጣ።

ደስታችን አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ሌላ ወረቀት መጣ። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የሁለት ሚሊዮን ዶላር የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ኢንሹራንስ ግቡ፣ የከተማውም ስም በፖሊሲው ላይ ይጻፍ፣ ኢንሹራንሱም ድንጋዩ እዚያ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይታደስ ይላል። የአዳራሹ ኢንሹራንስ አለን ብለን ነበር፤ ለካ እሱ የበሩ ደፍ ላይ ያበቃል። አንድ እግሬን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጌ ብወድቅ ግማሼ ብቻ ነው ዋስትና ያለው። ወረቀቱ እስከ ሜይ 15 ካልገባ ደግሞ መንገድ ጠጋኞቹ አስፋልታቸውን አፍስሰውባት ይሄዳሉ።

ኢንሹራንሱን እኔ እሯሯጣለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው የዘውዱን ንድፍና ድንጋዩ የሚደረደርበትን የእንጨት መለኪያ ነው። ድንጋዩን ከቶሮንቶ አጠገብ ከሚሸጥ የአገራችን ሰው እንገዛለን። በእጅዎ የተሠራ ነገር እዚህ እንዲኖር እመኛለሁ፤ እርስዎን አይቼዎት እንኳ አላውቅምና።

ጉልበትዎን ያበርታልን።
ናቴርሲያ

•

ፋያል
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2017

ልጄ ናቴርሲያ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ባሕሩም አላጎደለውም። ላሚቱ ትናንት የጎረቤቴን ኮፍያ በላች፤ ስለዚህ ጤናዋ ደህና ነው። እኔ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ዝናብ ከቀኑ በፊት ይነግረኛል፣ ዓይኔ ግን ዛሬም ጠማማ መስመር ከመንገድ ማዶ ያያል።

ንድፉ ከዚህ ጋር አለ። የአምናው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ሳልኩት፤ የኦክቶበር ወር ወረቀቱ ጠንካራ ነበር። መለኪያዎቹን እጀምራለሁ፤ ዘውዱ ሰባት መለኪያ ይፈልጋል፣ ርግቧን ከፈለጋችሁ ደግሞ አሥራ አንድ። ርግቧን ተዉአት ብዬ እመክርሻለሁ። ጀማሪ አንጣፊ የሠራት ርግብ ዶሮ ትሆናለች፣ በዶሮ ላይ ደግሞ ዘውድ ማሳለፍ ነውር ነው።

ስለ ወረቀቱ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድሳ ዓመት ድንጋይ ሳነጥፍ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ የለም። የአንቺን ማኅበር አንደኛ ወገን እንበል። ኩባንያው ሁለተኛ ይሁን። ሦስተኛው ማነው? ከተማው ነው እንዳልል ስሙ በፖሊሲው ላይ ይጻፍ ብሏል፤ እሱም እንግዲህ ከእናንተ ጋር ነው። ታዲያ ገና ያልተነጠፈ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ፣ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የተቀመጠለት ይህ ሰውዬ ማን ይባላል? ወንድ ነው ሴት? ስንት ዓመቱ ነው? የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂና ጻፊልኝ። ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ ከክረምት ዝናብ በቀር የማስበው የለኝም።

ሌላ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ቦታው ተዳፋት ነው ወይስ ሜዳ? የእናትሽ እግርስ እንዴት ነው፣ በብርድ ጊዜ ያማታል?

እጅሽ ከነካው ነገር ሁሉ በረከት አይራቅ።
ቤላርሚኖ

•

ሀርግሬቭ
ማርች 20 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፣

ንድፉን ያየ ሁሉ ዝም አለ፤ በማኅበራችን ውስጥ ሰው ዝም ሲል እኔ በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ ነው ያየሁት። እድሜ ከእንዲህ ያለ እጅ ጋር ይስጥዎት። ርግቧን ትተናታል። አቶ አደሊኖ ትንሽ አኩርፎ ነበር፣ የዶሮዋ ነገር ሲነበብለት ግን ሳቀ።

ጥያቄዎን ለሞራግ አቀረብኩላት። ሞራግ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ጋር የምታገናኘን ሴትዮ ናት፤ ቢሮዋ ከአንድ የውሻ ፀጉር ማስተካከያ ቤት በላይ ነው፣ ውል በተፈረመ ቁጥር ከታች ውሻ ይጮሃል። እንደዚህ ያለ ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ደንበኛ የለም አለችና መነጽሯን አውልቃ አሰበች። ከዚያ «ሦስተኛ ወገን ማለት ምንም ያልፈረመ ሰው ነው» አለችኝ። እኛ ፈርመናል፣ ኩባንያውም ፈርሟል። እሱ ግን መንገዱን ነው የሚሄደው፤ ስለ እኛም ስለ ድንጋያችንም የሚያውቀው ነገር የለም፣ ወረቀቱ ሁሉ የሚጻፈው ግን ለሱ ነው።

ይህን እሁድ በአዳራሹ ስነግራቸው ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከሩ። አቶ አደሊኖ ሰውየው ስልኩን እያየ የሚሄድ ጠበቃ ነው ይላል። ወጥ ቤቶቹ በበረዶ ቀን ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነው አሉ። አንዱ ጳጳሱ ራሳቸው ቢሆኑስ ሲል ሁለት ሴቶች አማተቡ። እናቴን ጠየቅናት። «ጫማው ይወስነዋል» አለችና ዳቦዋን ነከረች። ከዚያ ያው የጫማዋን ታሪክ ለወጣት ሴቶቹ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ከአሜሪካ የመጣውን ነጭ ጫማ ለመታየት ብላ በበዓል ቀን እንዳደረገችው፣ እንደወደቀች፣ ለዚህም እንደምታነክስ። በየዓመቱ ትነግራቸዋለች፤ ዘንድሮ ተረከዙ አንድ ስንዝር ደርሷል። እግሯ በብርድ ያማታል ግን አትናገርም።

ቦታው ተዳፋት ነው፣ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል። አቶ አደሊኖ ድንጋዩ ለበዓሉ እንደ መስታወት እንዲያበራ ማለስለሻ ማሽን ሊከራይ አስቧል፤ አገር ቤት በእጅ በእርጥብ አሸዋ እያሹ ያበሩት ነበር ይላል።

አሁን ደግሞ አንድ አዲስ ልመና አለኝ። ኩባንያው ስለ ንድፉ ባለሙያ የሚሞላ ቅጽ ልኳል። ስምዎ፣ የሠሩባቸው ዓመታት፣ የሠሯቸው ቦታዎች። አሥራ አንደኛው ጥያቄ «ባለሙያው ባነጠፈው ድንጋይ ላይ ወድቆ የተጎዳ ሰው መኖሩን ያውቃል? ክስ ቀረበም አልቀረበም» ይላል። የለም ብለው ይፈርሙና ይላኩልኝ፤ በዚህ ያልቃል።

ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ።
ናቴርሲያ

•

ሀርግሬቭ
ኤፕሪል 18 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፣

የትንሣኤ በዓል በጤና አሳልፈው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳጥኑ ደርሷል። ሰባቱ መለኪያዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እያንዳንዳቸው በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባቸው። በጣም ያምራሉ። ግን የሳጥኑን ታች ሳይቀር በርብሬ ደብዳቤ አጣሁ። ቅጹም የለም።

ታመው ይሆን ብዬ ፈራሁ። እናቴ ግን «አልታመመም፣ የታመመ ሰው እንዲህ ቀጥ ያለ እንጨት አይቆርጥም» አለች።

አጎቴ፣ ቀኑ እያለቀ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። መንገድ ጠጋኞቹ በመንገዳችን ጥግ አስፋልት መቆለል ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሽታው በመስኮት ይገባል። አቶ አደሊኖ ራስሽ ሙዪው፣ ደሴቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ማን አለ ብሎኝ ቅጹን እኔው ሞላሁት። አሥራ አንደኛው ላይ «የለም» ብያለሁ። የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው። ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ይፈርሙና በፈጣን ፖስታ ይላኩልኝ።

አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን ባውቅ ደስ ይለኛል።

ደህና ይሁኑልኝ።
ናቴርሲያ

•

ፋያል
ኤፕሪል 29 ቀን 2017

ልጄ ናቴርሲያ፣

ምንም አላጠፋሽም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጥፋተኛ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ተረጋግተሽ አንብቢው።

ቅጹ ከዚህ ጋር አለ። ፈርሜያለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ የጻፍሽውን ግን ሰርዤዋለሁ።

በ1966 ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የመንደራችንን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተዳፋት እንዳነጥፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ሥራ ተሰጠኝ። አነጠፍኩት፤ ጥሩ አድርጌ አነጠፍኩት። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው በእርጥብ አሸዋ ማሸት ጀመርኩ። ያስተማረኝ ሽማግሌ መጥቶ አየና «ሜዳውን አሸው፣ ተዳፋቱን ተወው» አለኝ። ቀንቶብኝ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ዘውዱ ሲያልፍ መልኩ ድንጋዩ ላይ እንዲታይ ነበር የፈለግሁት። ታየም።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ካፊያ ጣለ። ሴቶቹ የዳቦውን ትሪ በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወረዱ፤ እናትሽ ሦስተኛዋ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜ ሰው ሥራዬን ሲያይ ለማየት እጠብቃለሁ። የማየው ድንጋዩን እንጂ ሰዎቹን አልነበረም፤ ስለዚህ ስትወድቅ አላየኋትም፣ ትሪው ሲያርፍ ነው የሰማሁት። ዳቦው እስከ መንገዱ ድረስ ተንከባለለ። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ገና ሳትነሳ አንዲት ሴት «ጫማው ነው» አለች። ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር፤ አክስቷ ከአሜሪካ የላከችላት። ከዚያ ሁሉም ጫማው ነው አለ። በሚቀጥለው እሁድ ቄሱ ስለ ሴቶች ከንቱነት ሰበኩ። እኔ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መነሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከአንድ ወር በኋላ የከተማውን አደባባይ ሥራ ሊሰጡኝ ነው። ድንጋዩ ነው ብል አይሰጡኝም። ዝም አልኩ፣ አደባባዩንም ሠራሁ፤ ዛሬም ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱታል። እናትሽ በ69 ስትሄድ ሻንጣዋን እስከ መርከቡ ተሸክሜላታለሁ። ከድፍረት በቀር ሁሉን ተሸክሜ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ክረምት ላይ መሮዬን ይዤ ወደዚያ ተዳፋት ተመለስኩና እያንዳንዱን ድንጋይ ፊቱን ወቅሬ አሻከርኩት። ሰው አብዷል አለ፤ የገዛ ሥራውን ያበላሻል አለ። የሰው እግር ደግሞ ድንጋይን መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ በየክረምቱ እንደገና እወቅራለሁ። ዘንድሮም በጃንዋሪ ወቅሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የወደቀበት ሰው የለም። ይህ በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ጻፊልኝ፣ ከሌለም ይቅር።

አደሊኖን ማሽኑን እንዳይከራይ ንገሪው። ድንጋዩን በመዶሻ ስንጠቁትና ሻካራው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። ተዳፋቱ ላይ በየሁለት እርምጃው አንድ ረድፍ ጥቁር ድንጋይ በአግድም፣ ጥፍር ያህል ከፍ ብሎ ይግባ። አያበራም። ዘውዱ ግን ዘውድ መሆኑ ይታያል።

ሦስተኛው ወገን ማነው ብዬ ጠይቄሽ ነበር። የጠየቅሁሽ ስለማላውቀው አልነበረም።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብቢላት። ፈቃድሽ ነው፤ እኔ ግን ታነቢላታለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እግዚአብሔር ከእኔ የተሻለ ዘመድ ይስጣችሁ።
ቤላርሚኖ

•

ሀርግሬቭ
ሜይ 14 ቀን 2017

ለአጎቴ ለቤላርሚኖ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ወሬውን በሥርዓቱ ልንገርዎት።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩትና ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። ለአቶ አደሊኖ ምን እንደሚል ብነግረው «ቅደጂውና ሌላ ቅጽ እንሙላ፣ ገና ስድስት ቀን አለን» አለ። እውነቱን ልንገርዎት፤ አስቤበታለሁ። እናቴን በዚያ መስኮት ደግሜ ማየት አልፈልግም ነበር። ግን ምንም ያልፈረመውን ሰውዬ አስታወስኩ፤ በውሸት ፈርሜ ነገ ቢወድቅ ኩባንያው አልከፍልም ይለዋል፣ እኔም በአዳራሹ አራተኛ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ለመሳደብ ብዬ አይደለም።

ቅጹን ለሞራግ ወሰድኩላት፣ ደብዳቤዎንም እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ከታች ውሻው ሲጮህ ቆየ። ስጨርስ የጠየቀችኝ «ከዚያ በኋላ ምን አደረገ?» ብላ ነው፤ የመሮውን ክፍል በደንብ አልሰማችውም ነበርና ደግሜ አነበብኩላት። አርባ ስምንት ክረምት መሆኑን በጣቷ ቆጠረች። ሁሉንም ጽፋ ለኩባንያው ላከችው።

ዓርብ መልስ መጣ። ኢንሹራንሱን ሰጥተውናል። ሁኔታ አስቀምጠዋል፦ ድንጋዩ እርስዎ እንዳሉት ሻካራ ይሁን፣ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይታይና ከለሰለሰ ይወቀር፣ ለሕዝብ ከመከፈቱም በፊት ውሃ ፈስሶበት ይፈተሽ። እስኪፈተሽ ድረስ ሦስተኛው ወገን ከአጥሩ ውጭ ይቆያል። የከተማው ስም ተጽፏል፣ ወረቀቱም ቀኑ ሳያልፍ ገብቷል። ነገ መዶሻ ይነሳል።

አሁን ስለ እናቴ። ማክሰኞ በምግብ ጠረጴዛው አነበብኩላት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ የጫማውን ቦታ ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። የቄሱንም ድገሚልኝ አለች። ከዚያ «ሃምሳ አንድ ዓመት» አለች። ቀጥላም «ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሴት ልጆችን በጫማ ስመክር ኖርኩ» አለች።

ሦስት ቀን ድስቶቹን እያንኳኳች ሠራች። እንዳትሰብራቸው ፈርቼ ነበር። አራተኛው ቀን ላይ መልስ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልሽ ብላት የምለው ነገር ሲኖረኝ እኔው እጽፍለታለሁ አለችኝ። ስለዚህ ከሷ ሰላምታ አልጨመርኩም። አልላከችም።

ከእኔ ግን ይድረስዎት። ተቆጥቼብዎታለሁ፤ ንድፍዎንም እወደዋለሁ፤ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምይዝ ገና አላወቅሁም።
ናቴርሲያ

•

ሀርግሬቭ
ጁን 5 ቀን 2017

ቤላርሚኖ፣

ሰላም ላንተ ይሁን ልበል አልበል ብዬ አንድ ወር አስቤ፣ ይሁን አልኩ። በልተህ ከሆነ እንኳን በላህ። ከዚህ በላይ ምርቃት አልተዘጋጀልኝም።

ደብዳቤህን ስሰማ መጀመሪያ የተናደድኩት ስለ ዳሌዬ አይደለም። ዳሌ ይሰበራል። የተናደድኩት ስለ ጫማዬ ነው። ከመሬት ስታነሳኝ ለእናቴ «ጫማዬ ጥሩ ጫማ ነበር» ብያት ነበር። ሳቀችብኝ። ለቄሱም ነገርኳቸው፣ እሳቸው ደግሞ በስብከት መለሱልኝ። ስለዚህ መናገሩን ተውኩት። ከዚያ እኔም እንደ ሰው ማመን ጀመርኩ። ከንቱ ልጅ ነበርኩ ብዬ አመንኩ። ሠርጌ ላይ የተረገጠ የመሰለ ተረከዝ አልባ ጥቁር ጫማ አድርጌ ነው የቆምኩት፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ድሃ ነሽ እንዴ ብሎ ጠይቆኛል። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

አሁን ስለ ድንጋይህ ልንገርህ። አደሊኖና ሰዎቹ በሁለት ሳምንት አነጠፉት፤ ልጄ ጀርባዋ እስኪሰነጠቅ አብራ አነጠፈች። ዘውዱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንተ ከመንገድ ማዶ ታየው ነበር። ዓርብ ዕለት ሊፈትሹት መጡ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ውሃ ማጠጫ ይዞ፣ ሞራግ የምትባለዋ ደብተሯን ይዛ። ውሃ ማጠጫው ሳያስፈልግ ዘነበ። እግዚአብሔር ራሱ ሊፈትሸው ፈለገ መሰለኝ። ሰውየው የጎማ ጫማውን እየጎተተ ወዲያ ወዲህ አለ፣ አንዳች ነገር እየገፋ ለካ፣ ጻፈ፣ ፈረመ። አጥሩን አነሱት።

እኔ በመስኮቱ አላየሁም። በሩ ላይ ነበርኩ። ጫማውን አድርጌ።

አልጣልኩትም፤ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ካንተ ሻንጣ ተሸካሚነት ጀምሮ። አንተም ሳታውቅ ተሸክመኸዋል። እግሬ ስላበጠ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጥኩት። ተረከዙ ደግሞ ሁለት ጣት ነው። ስንዝር ያደረገው የሰው አፍ ነው፣ የራሴም ጨምሮ።

ናቴርሲያ ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ። ሞራግ ደብተሯን ዘጋችና ለልጄ የሆነ ነገር አለቻት፤ ኢንሹራንሱ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ይሠራል አለች። «እንግዲያው እኔ ምንም አልፈረምኩም» አልኳትና ወጣሁ። ከዘራዬን ይዤ፣ በዝናብ፣ በተዳፋቱ። ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ዘውዱን ረገጥኩት፣ ይቅር ይበለኝ። አውቶቡሱ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ የምሳፈር መስሎት በሩን ከፈተልኝ። አልሳፈርም አልኩትና ዞሬ ተመለስኩ። እሁድም ከዘውዱ ኋላ በዚያው ወጣሁ።

አልወደቅሁም፣ ቤላርሚኖ።

እንግዲህ የምልህ ይኸው ነው። የመንደራችሁ በዓል የፊታችን እሁድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህ ካልደረሰልህ የሚቀጥለውም እሁድ አለ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ከአራተኛው ወንበር ተነስተህ ቁም። ቄሱ ሞተዋል፣ እናቴ ሞታለች፣ ያቺ «ጫማው ነው» ያለችው ሴትም ሞታለች። አንተ ግን አልሞትክም፤ እንጨትህ ቀጥ ያለ ነው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ጥሩ ጫማ ነበር በል።

አይተው እንዲያምኑህ የግራውን ጫማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከፍ አድርገህ አሳያቸው። በደንብ ያዘው፣ ላሚቱም እንዳትበላው። ስትጨርስ እፈልገዋለሁ፤ በፖስታ ግን አትላከው። በእጅህ አምጣልኝ።

ዴኦሊንዳ